በእርሾ የቆመ ክፍል

ልጄ ለሸሃዳ ፈተና ማጥናት የጀመረችው በቆመ መኪና ውስጥ ነበር። ሸሃዳ ሱዳን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወሰደው ፈተና ነው፤ መኪናው ደግሞ የአከራያችን የሐጃ አሮጌ አምጃድ ነው። አምጃድ ሰባት ሰው ጭና አሥር የምታወርድ ትንሽ የኪራይ መኪና ናት። ይቺኛዋ ግን ጎማዋም ሞተሯም ተሽጦ፣ ጡብ ላይ ተቀምጣ፣ የሐጃ ፍየል መኝታ ሆና ቀርታለች። ልጄ ጠዋት ጠዋት ፍየሏን ታስወጣና የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን መሪው ላይ አስደግፋ፣ ኬሚስትሪ ትሸመድዳለች። ፍየሏም በመስኮት አንገቷን አስገብታ ታዳምጣለች።

ምን ታድርግ? ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሠፈር የነበረን ቤት አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። በዚያ ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ወንዶች ልጆችና እሷ አለን። የሱዳን ተማሪ ደግሞ ትምህርቱን ጮክ ብሎ ነው የሚሸመድደው፤ በዝምታ ያነበበውን ያነበበው አይመስለውም። ስለዚህ እሷ ቤት ውስጥ ካጠናች ቤተሰቡ በሙሉ ያጠናል። ትንሹ ልጄ ስሙን በወጉ መጻፍ ሳይችል ሶዲየምን ከክሎሪን ያጋባ ነበር። ባለቤቴም ወጥ እያማሰለች ሳይታወቃት "ማግኒዥየም" ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። እኛ ሁላችን ተማርን፤ እሷ ግን በወንድሞቿ ጩኸት መሃል ያነበበችው ሁሉ ይጠፋባታል። የሙከራ ፈተናው ውጤት የመጣ ዕለት አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። በዚህ ከቀጠለች ዩኒቨርሲቲን የምታየው ከአምጃዱ መስኮት ላይ ሆና ነው። አንጀቴን በላችው።

"ክፍል እሠራልሻለሁ" አልኳት።

ሁለት ሰዎች ተቃወሙኝ። አንደኛዋ ሐጃ ናቸው። "ጡብ ማፊ፣ አስመንት ማፊ" አሉኝ፤ ጡብም ሲሚንቶም የሚባል ነገር የለም ማለታቸው ነው። "ሐበሻ ከገነባ አይወጣም፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ።" ሐጃ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ግድግዳቸውን ከልጆቻቸው አስበልጠው ይወዳሉ። ምስማር እንኳ ያለ ፈቃዳቸው አይመታም፤ የማርያምን ሥዕል በገመድ ነው የሰቀልናት።

ሁለተኛዋ ተቃዋሚ ባለቤቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ከሐጃ ትብሳለች። "ሴት ልጅ በር ዘግታ ምን ልትሠራ ነው? እኛ በአንድ መደብ ላይ ተደራርበን አይደል ያደግነው? መጀመሪያ ማድ ቤት ትግባ! አብሲት እንኳ ምን እንደሆነ አታውቅም። ያንተ ልጅ እኮ ዐረብ ሆና ቀረች።" ልጅቱ ጎበዝ ስትሆን የእሷ፣ አብሲት ሳታውቅ ስትቀር የእኔ ናት።

እኔ ያን ጊዜ እዚያው አል-ሳሃፋ፣ የሱቅ ማስታወቂያ በሚሠራበት አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ነበርኩ። ወርሻ ነው የሚሉት፤ እኛም ወርሻ ማለት ከጀመርን ቆይተናል። አዲስ አበባ ድራፍቲንግ ተምሬ ስለነበር ኮምፒውተር ላይ መስመር የማሰምረው እኔ ነኝ። መስመሩን እንጨት ላይ የሚቆርጠው ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘው ትልቁ ማሽን ነው። ያን ማሽን እወደው ነበር። ለምን አይል፣ አያኮርፍ፣ "ኢንሻአላህ ነገ" አይል። ካርቱም ውስጥ እንዳልኩት የሚሆንልኝ ብቸኛ ፍጥረት እሱ ነው።

የወርሻው ባለቤት ሐሳብ የማያልቅበት ቀጭን ሱዳናዊ ነበር፤ ባሽሙሀንዲስ፣ ዋና መሐንዲስ እንደማለት፣ እንለዋለን። ዶላር ጠፍቶ ከውጭ የሚመጣው ችፑድና ኮምፔንሳቶ ሲወደድ አንድ ቀን እጁን እያፋተገ መጣ።

"የሱዳን ምድር ሙሉ ቃጫ ነው፣ ያ ዞል!" አለኝ። "አገዳ አለ፣ የተምር ዛፍ አለ፣ የጥጥ እንጨት አለ። ለምን ከባሕር ማዶ እንጨት እንለምናለን? ከራሳችን ቃጫ ሰሌዳ እንሥራ። ሲያረጅ መሬት ላይ ትጥለዋለህ፣ አፈር ይሆናል፣ ኸላስ!"

እሱ ያስባል፣ እኔ እሠራለሁ። ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ፣ ካንድ የሸንኮራ ጭማቂ ሻጭ ደጅ የሚጣለውን የተጨመቀ አገዳ በጆንያ እናስጭናለን። አደርቀዋለሁ፣ እከትፈዋለሁ፣ ከተምር ዛፍ ቃጫ ጋር ቀላቅዬ በማሽላ ዱቄት ሙቅና በግራር ሙጫ እለውሰዋለሁ። ከዚያ በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሞልቼ ጸሐይ ላይ አወጣዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ገና ሲነኩ ተበታተኑ። የኋለኞቹ ግን ያዙ፤ ማሽኑም ቆረጣቸው።

ክፍል ልሠራ አስቤያለሁ ብዬ ለባሽሙሀንዲስ ስነግረው ደስ አለው። "ቤትህ አቁመው። ኸሪፉን ከቻለ እንሸጠዋለን" አለኝ። ኸሪፍ የዝናቡ ወቅት ነው። ዓርብ ዓርብ ወርሻው ዝግ ስለሆነ ማሽኑን ፈቀደልኝ፤ እኔም ወደ ሐጃ ተመለስኩ።

"ጡብ አለው?" አሉ።

"የለውም።"

"አስመንት?"

"የለውም፣ ሐጃ። ምስማርም የለውም። ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ የወጣን ቀን ነቅለን ይዘነው እንሄዳለን።"

"ታዲያ ከምንድን ነው?"

"ከአገዳና ከዱቄት።"

ሐጃ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አላህ ይሽፊክ" አሉ፤ እግዜር ይማርህ እንደማለት ነው። ፈቀዱልኝ ብዬ ወሰድኩት።

ወርሻው ምድጃ ስለሌለው ሙቁን የማበስለው ቤት ነው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ድስት ሙቅ አብስዬ ነጭ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩት፤ እንዲቀዘቅዝ በረንዳው ላይ ከድኜ ትቼው ወጣሁ። ባለቤቴ ሰው ቤት ምግብ ታበስል ነበርና ከሥራዋ ስትመለስ ባልዲውን አየች፤ ከፈተችው። የተቀቀለ፣ የቀዘቀዘ፣ የሚያብረቀርቅ የማሽላ ዱቄት። አጠገቡ ደግሞ ልጇ ቆማለች።

የሌላ የማንኛውም አገር ሴት ብትሆን "ይሄ ምንድን ነው?" ብላ ትጠይቅ ነበር። የእኔዋ ግን አልጠየቀችም። ልጄ አብሲት ሠራች! መጠኑ ለሠርግ የሚበቃ ነበር፤ ግን ጀማሪ አይደለች ብላ አለፈችው። አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ለዓርብ ያቦካችውን ሊጥ ከነእርሾው ባልዲው ውስጥ ገልብጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ አማስላ፣ መልሳ ከደነችው።

ልጄ ትንፍሽ አላለችም። በኋላ ለምን ብዬ ብጠይቃት "ወላሂ አባ፣ እሷ በጣም ተደሰተ። እንዴት ብዬ ላ እላለሁ?" አለችኝ። አማርኛዋ ሲጨንቃት ሴቱን ወንድ ታደርጋለች።

ማታ ስገባ የባለቤቴ ፊት በርቷል። "ክፍሏን ሥራላት" አለችኝ። "ማድ ቤት ከገባችማ ይገባታል።" ምን እንደተፈጠረ አላወቅሁም። ግን ባል የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲመጣለት ምንጩን አይመረምርም፤ አመስግኜ እራቴን በላሁ።

ሐሙስ ጠዋት የወርሻው መኪና ደጅ ቆሞ ሾፌሩ "ያላ! ያላ!" እያለ ጥሩንባውን ያንባርቃል። ባልዲዬን አንስቼ ሮጥኩ። ከትናንቱ የከበደኝ መስሎኝ ነበር፤ እርጅና ነው አልኩ። ወርሻ ስደርስ በጥድፊያ ከቃጫውና ከሙጫው ጋር ለወስኩት፣ ቅርጽ ማውጫዎቹን ሞላሁ፣ አቧራ እንዳይገባ በላያቸው ቆርቆሮ ጣል አደረግሁ፤ ወደ ዕለቱ ማስታወቂያ ሥራዬ ሄድኩ።

ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ባለቤቴ ሊጡን አያለሁ ብትል ሊጥ የለም፤ ባልዲም የለም። በዚያ ግቢ ውስጥ ሊጥ ሊበላ የሚችል አንድ ፍጥረት ነው ያለው። በቀጥታ ወደ ሐጃ ሄደች።

"ፍየልዎ ሊጤን በላች።"

"የት ነበር?"

"ባልዲ ውስጥ።"

"ባልዲውስ?"

"እሱም የለም።"

ሐጃ ፍየሏን አፏን ከፍተው አሸተቱ። ምንም አልሸተታቸውም፤ ግን የጎረቤት ክስ ዝም ተብሎ አይታለፍምና ፍየሏን አምጃዱ ውስጥ ዘጉባት። እውነቱን የምታውቀው ልጄ፣ ፍየሏ በመስኮት እያየቻት፣ ዝም አለች። በዝምታዋም የነበራትን አንድ ማጥኛ ቦታ አጣች። ያን ሰሞን የሱዳን ዳቦ በላን።

ዓርብ ወርሻውን ስከፍት ክው አልኩ። ቆርቆሮዎቹ መሬት ላይ ተበትነዋል። ሰሌዳዎቼ ከቅርጽ ማውጫቸው ወጥተው፣ ሆዳቸውን ነፍተው፣ በየጠርዙ ይፈስሳሉ። ወርሻው እንጀራ ቤት እንጀራ ቤት ይሸታል። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት፤ ኮምጥጧል። ማሽላው ሙቀት መትቶት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እርሾ የሚባል ነገር በሕልሜም አልመጣልኝም። ጥዬው ሌላ ልሥራ እንዳልል ቃጫው አልቋል፣ ፈተናው እየገሰገሰ ነው። የመጣው ይምጣ ብዬ የወርሻው ጣሪያ ላይ አሰጣሁት።

ደርቆ ሳወርደው በአንድ እጄ ተነሳ። ክብደት የለውም። ፊቱ ላይ ዓይን በዓይን ሆኗል፤ ትንንሽ፣ ክብ፣ የተደረደረ ዓይን። ውፍረቱ ካሰብኩት እጥፍ ስለነበር የሠራሁት ንድፍ ሁሉ ከንቱ ሆነ፤ የሰሌዳው ምላስ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አስፍቼ እንደገና ሳልኩ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ሳያጉረመርም ቆረጠ።

አንድ ተንኮል ግን ጨመርኩበት። ልጆቼ ካርቱም ተወልደው ፊደል አልቆጥር ብለው አስቸግረውኝ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ላይ ቁጥር በመጻፍ ፈንታ ፊደል አስቀረጽኩ። ሀ ከሁ ጋር ይገጥማል፣ ሁ ከሂ ጋር። ግድግዳ የፈለገ ያንብብ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ ዘርግፌ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ሦስቱ ወንዶችና እሷ እየተጨቃጨቁ፣ እየጮኹ፣ ለ የት ገባ፣ ሉን የወሰደው ማነው እያሉ፣ ምሳ ሳይደርስ ሦስት ግድግዳ አቆሙ። ለዓመታት በቁጣ ያላስገባሁላቸውን ፊደል በአንድ ጠዋት በአገዳ አስገባሁላቸው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ያኔ ነው ባለቤቴ ልታይ የመጣችው። ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ግድግዳው ፊት ቆመች። ጠጋ አለች። ዓይኖቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ከጥጉ ትንሽ በጥፍሯ ፈልቅቃ አፏ ውስጥ ጨመረችና ወደ ላይ እያየች አላመጠች።

"ይሄ የኔ እርሾ ነው" አለች።

የባልዲው ክብደት፣ ሽታው፣ የጠፋው ሊጥ፣ የታሰረችው ፍየል፣ ሁሉም በአንዴ ወለል ብሎ ታየኝ። ልጄን ዞሬ አየኋት። ፊቷ ዓመድ መስሏል።

"እማ" አለች፣ "አብሲት እኔ አልሠራሁም። የአባ ሙጫ ነበር።"

ባለቤቴ በዚያው ጠዋት ልጄ ማድ ቤት ገባች ብላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በሙሉ ተናግራ ነው የመጣችው። ከጀብራ ሠፈር ድረስ የሚመጡት ሳይቀሩ መርቀውላት ነበር። እጇ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ። አሁን ንቀሉት ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጄም የምትጠብቀው እሱኑ ነው፤ መጽሐፎቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ንቀሉት ካለች እኔ ምን እላለሁ? ፈቃዱ የተሰጠው ለአብሲት ነበር፤ አብሲት ደግሞ የለም።

ባለቤቴ ግድግዳውን እንደገና ዳሰሰችው።

"ዓይኑ ግን ጥሩ ወጥቷል" አለች።

ጥጉን በጣቷ ጫን አደረገችው።

"ይሄኛው ጥግ አልቦካም። ቸኩለሃል።" ወደ እኔ ዞረች። "ለአራተኛው ግድግዳና ለጣሪያው ሊጡን የማቦካው እኔ ነኝ። አንተ መቁረጥህን ቁረጥ። ደግሞ ያቺን ፍየል ፍቱልኝ።"

ፍየሏ ተፈታች። ተፈትታ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር በረንዳው ላይ ወጥታ የግድግዳውን አንድ ጥግ መግመጥ ነው። በሐሰት የተከሰሰችበትን ነገር በእውነት ፈጸመችው። እኛ ስንጮህ ሐጃ ወጡ። ሰሌዳውን አሸተቱ፣ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ።

"ዳ ኪስራ!" አሉ በታላቅ ድምፅ። ኪስራ እነሱ የሚበሉት ስስ የማሽላ እንጀራ ነው። "በረንዳዬ ላይ ኪስራ አቁማችሁ ፍየሌን ትከሳላችሁ?" ከዚያም ፍርድ ሰጡ፤ ፍየሏ የበላችው ጥግ ስሟ ለጠፋበት ካሣዋ ይሁን ተባለ። ባለቤቴ ተቀበለች። ሌላ ካሣ እንዳይመጣ ግን ኖራ በውሃ በጥብጣ፣ ሸጣ የሚሉትን የሱዳን ሚጥሚጣ ጨምራ፣ ክፍሉን ከውጭ በኩል ዙሪያውን ቀባችው። ፍየሏ አንዴ ቀመሰችው፤ ቀኑን ሙሉ አነጠሰች። እኛም አብረናት አነጠስን።

ጣሪያውም በሩም ባለቤቴ ባቦካችው ሊጥ ተሠርተው ሲገጠሙ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ልጄ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ሶዲየም ጠፋ፣ ክሎሪን ጠፋ። ከውስጥ እየጮኸች ታጠናለች፤ ውጭ የሚሰማው ግን ሹክሹክታ ብቻ ነው። ወንድሞቿ በረንዳው ላይ ኳስ ሲመቱ እሷ አትሰማም። ባሽሙሀንዲስ መጥቶ ውስጥ ገብቶ አጨበጨበ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ሳቀ። "ዓይኖቹ ድምፁን እየዋጡት ነው!" አለ። ኸሪፉንም ያ ክፍል በረንዳው ጥላ ሥር ሆኖ በደህና አለፈው። ያም ሆኖ ሰሌዳው አልተሸጠም። ደንበኛ ሁሉ የፍየሏን ወሬ ሰምቶ ስለነበር "ፍየል ይበላዋል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ባሽሙሀንዲስም መዋሸት ስለማይችል "ኢንሻአላህ አይበላውም" ይላል።

ጸጥታው ደስ ያላላት አንዲት ሰው ባለቤቴ ናት። በአንድ ክፍል ስንኖር የልጇን ትንፋሽ ሳይቀር ትሰማ ነበር። አሁን ምንም የለም። ስለዚህ በየጊዜው በሩን ብርግድ አድርጋ ትገባለች። "በላሽ?" ትላታለች። ትወጣና ተመልሳ "ውሃ ልስጥሽ?" ትላታለች።

"እማ፣ በናትሽ አንኳኪ" አለቻት ልጄ አንድ ቀን።

"የወለድኳትን ልጅ ላንኳኳባት?" አለች ወደ እኔ ዞራ፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝና። ቢሆንም ሞከረች። ግን ያ ሰሌዳ ሲያንኳኩበት ድምፅ አይሰጥም፤ ጡጫ ቢያርፍበትም ዝም ነው። ባለቤቴ ይሄን ስታውቅ ደስታዋ ልክ አጣ። "አንኳኳሁ፣ አልሰማሽም" እያለች ትገባለች። ልጄ አለቀሰችብኝ። እኔም የአሮጌ ድስት ክዳን በሩ ላይ ሰቅዬ ማንኪያ በገመድ አሰርኩበት። ወንዶቹ መጫወቻ አደረጉት፤ ሐጃ እንኳ ሲመጡ ይመቱታል። ባለቤቴ ግን አንዴም አልነካችውም። "እኔ ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ አይደለሁም" አለች። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ እንዲሁ ስትገባና ስትወጣ፣ ሻይ ስታቀብል፣ ራሷን ስትዳስስላት ከረመች።

ልጄ አለፈች። ውጤቱን የሰማን ቀን የባለቤቴ እልልታ ከሐጃ እልልታ ጋር ተደባልቆ ሠፈሩ ሠርግ መሰለው። የደረሳት የላብራቶሪ ትምህርት ነው፤ ካርቱም ሳይሆን ወድ መደኒ ከተማ፣ በአውቶቡስ ተኪዶ፣ እዚያው የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ተኖሮ። ሸኘናት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "አባ፣ ክፍሌን ፍየል አይብላው!" አለችኝ። ሳቅሁም፣ አለቀስሁም።

ወንዶቹ ገና ማታውን ክፍሉን ለመያዝ ተጣሉ። ባለቤቴ "ባለቤት አለው" ብላ አባረረቻቸው።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ አየኋት። የታጠበ አንሶላ አጣጥፋ በክንዷ ይዛ የክፍሉ በር ፊት ቆማለች። መግባቴን አላወቀችም። ማንኪያውን አነሳችና ክዳኑን አንዴ መታችው። ጠበቀች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ደግማ መታችው፣ አሁንም ጠበቀች። ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ገባች።